የማንጎ ዘር ከሰል

በዲቁና ዘመኔ የጽንሐውን ፍም ሳሰናዳ፥ ከሰል ከዕጣንና ከምድጃ ያለፈ አገልግሎት ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኋላ መምህር ሆኜ በሐራ ስኖር ግን ይኸው ከሰል እኔን ራሴን አስተማረኝ፤ ትምህርቱም ያለ ዋጋ አልተገኘም።

ሐራ ቆላ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ውኃውን ሁሉ ያደፈርሰዋል፤ በዚያው ሰሞን ከመርሳ የሚመጣው ማንጎ በገበያ ይረክሳል፤ ዘሩም በየመንገዱ ይጣላል። በአንድ ክረምት ከተማሪዎቼ ጋራ ይህን ዘር ለቅመን በፀሐይ አደረቅነው። በአሮጌ ጣሳ ሞልተን፥ ክዳኑን ገጥመን፥ ለጭሱ መውጫ በምስማር አንዲት ቀዳዳ ትተን በእሳት ላይ ጣድነው። አየር ካገኘ ዐመድ ይሆናልና። ጭሱ ባበቃ ጊዜ አውርደን፥ ሳንከፍት አቀዝቅዘን፥ በሙቀጫ ወቅጠን ጥቁሩ እስኪለቅ አጠብነው። በተበሳ ባልዲም ከታች ጠጠር፥ በላዩ ከሰሉን፥ ከሁሉ በላይ አሸዋ ደለደልን። ደፍራሹ ውኃ ኩልል ብሎ፥ ሽታውም ጠፍቶ ወረደ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም ኮራሁ።

በዚያው ምሽት ከዚህ ውኃ ለቤተ ሰቤ አቀረብሁ። ባለቤቴ «እንደ ወትሮው ላፍላው እንጂ» ብትለኝ፥ «ይህን የመሰለ ውኃ!» ብዬ ከለከልኋት። በሦስተኛው ቀን ታናሿ ልጃችን በተቅማጥና በትውከት ወደቀች። በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን ሌሊቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናት፤ ሲነጋም ጤና ጣቢያ አደረስናት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳነች። ዓይኗ ጎድጉዶ ያየችኝን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት መረመርሁ። ሎቪትስ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ በሩስያ አገር፥ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚስብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ደርሶበት ኖሯል። ባለሙያዎች «አክቲቬትድ ካርቦን» የሚሉት ግን ከዚህ የላቀ ነው፤ በፎስፎሪክ አሲድ ወይም በብርቱ የእንፋሎት ትኩሳት ረቂቅ ቀዳዳዎቹ ይበዙና የ1 ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር ያልፋል። የእኛ የጣሳ ከሰል ከዚያ ጋራ አይወዳደርም። ምርጡም ቢሆን የሚይዘው ቀለምን፥ ሽታንና አንዳንድ ኬሚካሎችን ነው፤ ተሕዋስያንን አይገድልም፤ እንዲያውም ሲያረጅ ማደሪያቸው ይሆናል። ባለቤቴ ከመጻሕፍቱ ቀድማኝ ነበረች።

ባልዲው ዛሬም በቤታችን አለ። ከሰሉን ቶሎ ቶሎ እንለውጣለን፤ የወረደው ውኃም በቀጥታ ወደ ድስት ይገባል። ያች ልጅ አድጋ ዘሩን የምትለቅመው እርሷ ናት፤ እንግዳ ውኃ ሲጠይቅም ብርጭቆውን እየሰጠች «የፈላ ነው» ትላለች፥ እኔን አየት አድርጋ።