የመጋቢት መጠይቅ

መጋቢት 8፣ 2017

በዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች መጠይቅ ዛሬ ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ነው። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ለቅሶ፣ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብም ጭምር 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ያለፉትን 30 ቀናት ይመለከታሉ፤ መልሳቸው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። «አዎ»ዎቹ ተደምረው አንድ መነሻ ነጥብ ላይ ከደረሱ ተማሪው የአእምሮ ጭንቀት አለበት ተብሎ ይመዘገባል።

ወሩ የተመረጠው ከሚድ ፈተና በፊት እንዲያልቅ ተብሎ ነው። ዘንድሮ ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በ22 ተከተለ። ከ30ዎቹ ቀናት ከግማሽ በላዩ ለብዙው ተማሪ ጾም ነበር። ማታ ማታ ሙስሊሞቹ ልጆች ለሱሁር የሚሆናቸውን ዳቦ በፌስታል ይዘው ወደ ዶርም ሲገቡ አያለሁ፤ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ይነሳሉ። የሚጾሙት ክርስቲያኖችም ከቀትር በፊት እህል አይቀምሱም። ወረቀቱ እነዚህን ልጆች «እንቅልፍህ ተቃውሷል?»፣ «የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል?»፣ «ሁልጊዜ ይደክምሃል?»፣ «ቶሎ ይደክምሃል?» ይላቸዋል። ጤነኛ ጿሚ በእነዚህ ብቻ አራት ነጥብ ሊይዝ ይችላል።

መጋቢት 10

ግቢያችን ውስጥ «ጨጓራዬን» የማይል ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። መጠይቁ ስለ ሆድ ሁለት ቦታ ላይ ይጠይቃል፤ ሆዱን የሚያቃጥለው በባዶ ሆድ የተበላ ሽሮ ይሁን ጭንቀት አይለይም።

ቢሆንም «የአካል ጥያቄዎቹ ይውጡ» የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ያዘነ ልጅ «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። ክሊኒክ ገብቶ ራሴን ይከፍለኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የኬስለር መጠይቅ በአብዛኛው ስሜትን ይጠይቃል፤ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ጥያቄ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ በቅርቡ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትሾ በደንብ ሠርቷል። ለአራስ እናት ሠራ ማለት ግን ከቤቱ ገና ለወጣ ፍሬሽማንም ይሠራል ማለት አይደለም፤ እሱ ላይም ለብቻው መፈተሽ አለበት።

መጋቢት 11

ከገጠር የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «ለሰው የሚጠቅም ነገር መሥራት አቅቶሃል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ እኔ እስካሁን ማንን ጠቀምኩ? አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። አሁንም ከቤት ነው የሚላክልኝ» አለኝ። ከዚያ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ።

ቁጭ ብለን አወራን። በደንብ ይተኛል፣ ማታ ማታ ኳስ ይጫወታል፣ ስለ ትምህርቱ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። በሬውን የሚያነሳው ለማጥናት በተቀመጠ ቁጥር ነው። ዛሬ ከመኝታ የሚያስነሳው ይኸው ዕዳ ነው። ውጤቱ ቢበላሽ ግን አንገቱን የሚያስደፋውም እሱ ይመስለኛል። ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም የሚሰጠው አንድ ነጥብ ነው። ወላጆቹ ከፍለው ለሚያስተምሩት የከተማ ልጅ ጥያቄው እንዲህ አይከብድም፤ አብሮት የተቀመጠው ልጅ ሳያስብ «አይ» ብሎ አልፎታል።

መጋቢት 15

ማታ የቆዩ ጥናቶችን ሳገላብጥ አመሸሁ። በቡታጅራ ገጠር በተደረገው ትልቅ ጥናት ጭንቀት አለበት የተባለው 11 እና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ ሰው ነው። በኋላ እዚያው ቡታጅራ በእናቶች ላይ በተሠራው መነሻው 6 ሆነ። የተማሪዎቹንም አየሁ፤ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ላይ 21.6 በመቶ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላይ 40.9 በመቶ ተገኝቷል። የጎንደር ተማሪ ከአዳማው እጥፍ ይጨነቃል ብዬ ለመናገር አልደፍርም። መነሻ ነጥቡ፣ የተጠየቁበት ወር፣ ለፈተና የቀረው ጊዜ፣ ወረቀቱን ብቻውን መሙላቱ ወይም ሰው እያነበበለት መመለሱ ቁጥሩን ሊለውጡት ይችላሉ። በአንድ አገር ሁለት ግቢዎች መካከል እንዲህ ከሆነ፣ የእኛን ቁጥር ከሌላ አገር ቁጥር አጠገብ አስቀምጦ «የኢትዮጵያ ተማሪ ይብሳል» ወይም «ይሻላል» ማለት ልጆቹን መበደል ነው።

መጋቢት 18

17ኛው ጥያቄ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ነው። ስለ መነሻ ነጥብ ያልኩት ሁሉ እዚህ ጋ አይሠራም። «አዎ» ያለ ልጅ ሌላው መልሱ ሁሉ «አይ» ቢሆንም በዚያው ቀን የሚያነጋግረው ሰው ማግኘት አለበት። ስም የማይጻፍበት ወረቀት ደግሞ ማንን እንደምንጠራ አይነግረንም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር አለው፤ ተማሪው ቅዳጁን ይይዛል፣ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር የተማሪዎች አማካሪዋ ዘንድ ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህንንም ሳይሞሉ በፊት እንነግራቸዋለን። አንዲት ልጅ «ዲፓርትመንቴ ያየዋል?» ብላ ጠየቀች። አያየውም። አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ መሙላትም ቀርቷል፤ የዶርም ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ እያየው እውነቱን የሚጽፍ ልጅ አይኖርም።

መጋቢት 22

ትናንት ኢድ ነበር፤ ዛሬ መጠይቁን የምናስሞላው ባልደረቦች ስብሰባ ተቀመጥን። ሦስት ነገር ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጾም ላይ ነህ?»፣ «ፈተና መቼ ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይጨመሩ። ያው ተማሪዎች ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ያንኑ መጠይቅ ይድገሙ። ብዙ «አዎ» ካሉትም ጥቂት ካሉትም በዕጣ ተመርጠው፣ ውጤታቸውን የማያውቅ የአእምሮ ሐኪም ያነጋግራቸው። የሐኪሙ ፍርድና ወረቀቱ የት ላይ እንደሚገጥሙ ስናይ የግቢያችንን መነሻ ነጥብ እናገኛለን።

አንድ ባልደረባዬ ስለ በጀቱ ሰጋ፣ ልክ ነው። የሐኪሙ ሰዓት ውድ ነው። ያለ ምክንያት የሚጠራ ጤነኛ ልጅ ግን የዚያኑ ሐኪም ጊዜ ይወስዳል፣ በዝምታ የሚታለፈው ደግሞ ሕክምና ሳያገኝ ይቀራል። በመጨረሻ ሦስቱንም ተቀበሉ። በመቶኛ የተሰላው ሪፖርት እስከ ግንቦት አይወጣም።