ከጌሾው ቁጥቋጦ እስከ ማዕዱ፦ የጉለሌ ቅኝት

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የእንጦጦን ተዳፋት ይዞ የተቀመጠ ክፍለ ከተማ ነው። ስያሜው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚሁ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች የመጣ ነው። ተራራው ውኃ ከፋይ ነው፤ በደቡብ ፊቱ የሚዘንበው በአቃቂ በኩል አዋሽ ሲገባ፣ በሰሜን ፊቱ የሚዘንበው የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በሙገር ወደ ዓባይ ይወርዳል። በደቡቡ ተዳፋት ላይ ከምዕራብ ጀምሮ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ አዲሱ ገበያ፣ ቀጨኔና ሽሮ ሜዳ ይገኛሉ፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ደግሞ እንጦጦ ማርያም አለች። እነዚህ ስፍራዎች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይጎበኛሉ፤ የደን ወዳዱ ወደ ማዕከሉ፣ ተሳላሚው ወደ ማርያም፣ ልብስ ፈላጊው ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። ነገር ግን ላይኛው ተራራ የሚያበቅለውና ታችኛው ሰፈር የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚያነደው አንድ ላይ የተያያዘ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጉብኝት የሚያቅድ ሰው ይህን ትስስር ቢከተል ከማዕከሉ ጀምሮ በማዕድ ላይ ያበቃል።

ተራራው ዛሬ የሚታይበትን መልክ የያዘው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማ ሲያደርጉ አናቱ ለጥበቃ ምቹ ነበር፤ ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶው እጥረት ግን ለኑሮ አልተመቸም። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ እቴጌ ጣይቱ በወደዱት በፍል ውኃው ዙሪያ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ግን እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። አዲሲቱ ከተማ በበኩሏ በዙሪያዋ ያለውን ጽድና ወይራ ለቤትም ለማገዶም ቆርጣ ስለጨረሰች፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራም ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ከመፈለስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለማገር የሚደርሰው፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ እንጦጦን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ዕዳም ነበረበት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ብዙ አያበቅልም፣ ውኃም ይመጥጣል፣ ተዳፋቱም በዝናብ ጊዜ ይሸረሸራል።

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይህን ዕዳ ለመቀነስ የተጀመረ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ1990ዎቹ ማብቂያ በጋራ የጀመሩት ሲሆን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው፤ ጉለሌና ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞችን ያካልላል፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ተነሥቶ 3,000 ሊደርስ ይቃረባል። የሥራው ዓላማ አራት ነው፦ ጥበቃ፣ ምርምር፣ ትምህርትና ኢኮ ቱሪዝም። ከጀርባው ረጅም የሳይንስ ልፋት አለ። አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ የእጽዋት ቤተ ስብስብ የተማከለው የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት ጥናት በ1972 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ 30 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ውጤቱ 6,000 ያህል ዝርያዎችን የመዘገቡ ተከታታይ ጥራዞች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከሁለቱ አገሮች ውጭ አይገኙም። በዚያ ቤት ደርቀው በወረቀት ላይ የተለጠፉትን እጽዋት ጎብኚው በማዕከሉ ቆመው ሊያያቸው ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ጉለሌ በአበባ መደብ የተሞላ፣ በየእርምጃው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት የከተማ መናፈሻ አይደለም። አብዛኛው ክፍል ገና በመለወጥ ላይ ያለ ተራራ ነው፤ ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሣ አገር በቀሉ ይተካዋል፣ በአንዳንድ ጥግ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። የተዋበ የአትክልት ስፍራ ብቻ የፈለገ ቅር ሊለው ይችላል። ማዕከሉ ትርጉም የሚሰጠው አንድ ደን እንዴት እንደሚመለስ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ለዚህም ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መመደብና፣ ከተቻለ፣ ዛፎቹን በስም የሚያውቅ አስጎብኚ ይዞ መሄድ ይበጃል።

ከዛፎቹ ውስጥ ዓይን የሚገባቸው የደረቅ ደጋ ደን ባለቤቶች ናቸው፦ ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ሲሉም ኮሶና አስታ። ዝቅ ብለው ቀጋ፣ አጋም፣ ቀጨሞ፣ አሜጃና ክትክታ ይገኛሉ። ነገር ግን ጉብኝቱን ከማዕዱ ጋር የሚያገናኙት የጓሮና የመድኃኒት እጽዋት ናቸው። ጌሾ ከሌለ ጠላም ጠጅም የለም፤ ለጠላው ቅጠሉና እንጨቱ፣ ለጠጁ እንጨቱ ይገባል። የጠላው እንስራና ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ከዚያም በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ጠላው የሚሸተው የዚያን ጭስ ነው። የወተት ዕቃም እንዲሁ በወይራ ይታጠናል። በሶብላና ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር ይገባሉ፣ ጤና አዳም በአይብና በቡና ላይ ይቀመጣል፣ ጦስኝ ሻይ ይሆናል፣ ዳማከሴ ደግሞ ምች ለመታው ይታሻል።

ኮሶ ለብቻው መነሣት አለበት። የእንስቷ ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ደርቆና ተፈጭቶ ሲጠጣ ኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ትሉ ደግሞ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ መድኃኒቱን ከራሱ ተራራ አግኝቷል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይህን አበባ ከኢትዮጵያ አስመጥተው ይሸጡት ነበር። ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ክኒን ቦታውን ወስዶታል፤ ዛፉም በእንጦጦ ተመናምኖ የቀረው በጥቂቱ ስለሆነ፣ በማዕከሉ ውስጥ ማግኘቱ ብቻውን ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው። ከእንስሳት ድኩላና ጃርት አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ ጅብ ግን የሌሊት እንግዳ ነው፣ ቀን የሚሄድ ጎብኚ ከዱካው በቀር አያገኘውም።

ወቅት መምረጥ ለጉለሌ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ረገድ የጃፓኗን ጥንታዊ ከተማ ኪዮቶን ማንሳት ይጠቅማል። ኪዮቶ ከ1,000 ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ የነበረች፣ በደን በለበሱ ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት፤ ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቼሪ አበባው የሚፈነዳበትን ወይም የሜፕል ቅጠሉ የሚቀላበትን ሳምንት ነው። በ1916 ዓ.ም. የተከፈተው የእጽዋት ስፍራዋ 24 ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ የጉለሌው ስፋት 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ግን የኪዮቶው ከወር ወር የሚያብበው ታውቆ፣ ጎብኚው ያንን ተከትሎ ይመጣል። ጉለሌም የራሱ የዘመን መቁጠሪያ አለው። መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ ዋናው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ቀንሶ ተዳፋቱ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፣ አየሩም ጠርቶ ከአናቱ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ብሩህ ነው፣ ማለዳው ግን ውርጭ ሊኖረው ይችላል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጉሙም ከእኩለ ቀን በፊት ላይገፈፍ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ያለው ማካካሻ በየመንገዱ ዳር በከሰል ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ነው።

ከማዕከሉ ቀጥሎ እንጦጦ ማርያም ናት። ሁለቱ በአንድ ተራራ ሰንሰለት ላይ ቢሆኑም በእግር ለማያያዝ መሞከር አይመከርም፤ ወደ ከተማው ወርዶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል መውጣት ይሻላል። ባለ ስምንት ማዕዘኗ ቤተ ክርስቲያን፣ በአጠገቧ ያለው ሙዚየምና የምኒልክ የቀድሞ ግቢ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ሙዚየሙ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን ዕቃዎች ይዟል። የግቢው ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩና በኖራ የተለሰኑ ናቸው፤ ኋላ አድዋ የዘመቱት ነገሥታት ኑሮ እዚህ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ያሳያሉ። ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ሰው ይበዛል፤ ቅዳሴ ማስቀደስ ለሚፈልግ መልካም ነው፣ ግቢውን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይመረጣል። እዚያው እንጦጦ ያለው የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በዓል መስከረም 1 ከእንቁጣጣሽ ጋር ይውላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለቤተሰብና ለልጆች የተመቸ ነው፤ ቀኑ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሊዘለል ይችላል። በማለዳ የሚወጣ ሰው ሯጮች ሲለማመዱ ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ይታያሉ። የአዲስ አበባ እንጀራ ለብዙ ዘመን የተጋገረው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው፤ በአስጎብኚ መጻሕፍት ውስጥ እንደ መልክዓ ምድር ጌጥ መታየታቸው ተገቢ አይደለም።

ሽሮ ሜዳ ከተራራው መውረጃ ላይ የምትገኝ የሸማ ከተማ ናት። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የባህል ልብስ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ባሉት መንደሮች ውስጥ ሸማኔው በጉድጓድ ላይ በተተከለው የሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጦ ይሠራል። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት ቀላል ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ነጠላ ስሙ እንደሚለው ስስ ነው፣ የዋጋውን ከፍታ የሚወስነው ደግሞ ከጨርቁ ይልቅ በዳሩ የሚወርደው ጥለት ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ወጣ ገባ ይላል፤ የፋብሪካ ክር እኩል ነው። በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዋጋው ይወጣል፣ መከራከሪያ ጊዜም የለም። ከበዓል በኋላ ባለው ሳምንት የሚሄድ ሰው ዝቅ ያለ ዋጋም የመከራከሪያ ጊዜም ያገኛል።

ምግቡ የሚታቀደው በቀኑ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፣ የአካባቢው ትንንሽ ምግብ ቤቶች ጾም ይሠራሉ፦ በያይነቱ፣ በሸክላ እየፈላ የሚቀርብ ተጋቢኖ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን። በዚህም ጉለሌና ኪዮቶ ይገናኛሉ፤ የጃፓን ገዳማት መነኮሳት ሥጋ በሌለበት ሕግ ውስጥ ሆነው ከአኩሪ አተርና ከአትክልት የተጣራ የምግብ ጥበብ አውጥተዋል፣ የኢትዮጵያም ጾም ከሽምብራ፣ ከምስርና ከአተር እንዲሁ አድርጓል። ልዩነቱ ኪዮቶ ያንን ማዕድ ለእንግዳ እንደ ክብሯ ማቅረቧ ነው፤ አዲስ አበባ ግን የጾም ምግቧን እንደ ተራ ነገር ትቆጥረዋለች። የፍስክ ቀን ከሆነ ጥብስ፣ ክትፎ ወይም ቁርጥ ይኖራል፣ ኮሶውን በጠዋት ያየ ሰው በቁርጡ ፊት የራሱን ውሳኔ ይወስናል። ከተራራው ጀርባ ያለችው ሱሉልታ የወተት አገር ናት፤ እርጎና አይብ በዚህ በኩል ትኩስ ይገኛል። ከባድ ምሳ ከመውጣት በፊት መብላት ግን ጥሩ አይደለም። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋበት ቦታ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ፣ በኪስ ቆሎ፣ ምሳውን ከወረዱ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ጠላ የሚፈልግ ሰው በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ወይም ብርጭቆ ካየ ጠላ ቤት አግኝቷል፤ የገብሱ ብቅል፣ ጌሾውና የወይራው ጭስ በአንድ ጣሳ ውስጥ ይገናኛሉ።

ቀጨኔ ከሽሮ ሜዳ ምዕራብ ያለ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱና እንስራው እዚህ የሚሠሩት በሴቶች እጅ ነው፤ ያለ መንኮራኩር በእጅ ይቀረጻል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በማገዶ እሳት ይተኮሳል። ባለሙያዎቹ ለረጅም ዘመን በሙያቸው የተናቁ ነበሩ፤ ያ ንቀት የእያንዳንዱን ቤት ቡናና እንጀራ ከሚያስገኝ ሥራ ጋር መኖሩ የከተማዋ አሳፋሪ ታሪክ ነው። ከሠሪዋ በቀጥታ መግዛት ለሁለቱም ወገን ይበጃል። አዲስ ጀበና ቡና ከመፈላቱ በፊት የቡና አተላ ተፈልቶበት ይሟሻል፤ ምጣድ ደግሞ በተፈጨ ጎመን ዘር ይታሻል፤ ይህን ገዢው ሠሪዋን ቢጠይቅ በደስታ ታሳየዋለች።

ጉዞውን በአንድ ቀን ለመጨረስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በማዕከሉ በር መገኘት፣ 5 ሰዓት ላይ ወጥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም ማምራት፣ 8 ሰዓት ገደማ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ምሳ መብላት፣ ከዚያም ልብሱንና ሸክላውን ማየት ይቻላል። የሚኒባስ ታክሲ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሠራል፤ ወደ ማዕከሉ ግን ከጳውሎስ ሆስፒታል በላይ ያለውን መንገድ ይዞ መሄድ ወይም መኪና መከራየት ይቀላል። ሁለት ቀን ያለው ሰው ማዕከሉን ለብቻው ሙሉ ጠዋት ይስጠው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መንገዱን ከስድስት ኪሎው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ቢጀምር፣ በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ የሚያየውን ልብስና ዕቃ ከየአገሩ መነሻ ጋር አስቀድሞ ያውቀዋል። ሸክላ የገዛ ሰው መመለሻው ላይ ታክሲ ውስጥ መጋፋት እንዳይኖርበት ከ11 ሰዓት በፊት ቢነሣ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ከሽሮ ሜዳ ወደ ታች የሚወርደው ሰልፍ ረጅም ነው።