የወንዜ ልጅ

አዲስ አበባ ውስጥ የወሎ ሰው ከወሎ ሰው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው አገሩን ነው። እኔ «ወልድያ» ስል ሰውዬው «መርሳ ነኝ፣ ሐብሩ» ይላል። በመካከላችን ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እዚያው ይረሳና «በል የወንዜ ልጅ!» ተባብለን እንተቃቀፋለን። ሻይ ልክፈል ልክፈል የሚባል ግብግብም ይከተላል።

አንድ ቀን ከእህቴ ልጅ ጋር ታክሲ ስንጠብቅ እንዲህ ካለ የወንዜ ልጅ ጋር ተሳስሜ ስጨርስ፣ «አጎቴ፣ የትኛው ወንዝ ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች የ13 ዓመት ልጅ ናት። ወንዝ ሲባል የምታውቀው በቀበና ድልድይ ሥር የሚያልፈውን፣ አፍንጫ ይዘው የሚሻገሩትን ነው። «የእኛ እንደሱ አይደለም፤ ወስጄ አሳይሻለሁ» አልኳት። ከአፍ የወጣ ነገር መቼም አይመለስም። ለጥምቀት ይዣት ወልድያ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ቤት ወጥተን ወደ ወንዙ ወረድን። በመንገድ ላይ ልጅነቴን እያወራሁላት ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ወንዙ መታጠቢያችንም ሜዳችንም ነበር። እናቶቻችን በእንዶድ ያጠቡትን ጋቢ ድንጋይ ላይ ሲያሰጡ እኛ ጠለቅ ያለውን ፈልገን እንዘላለን። ማታ ደግሞ እናቴ ክንዴን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ ዋኝቻለሁ ማለት ነው፤ ዱላው አይቀርልኝም። ጎረቤታችን ሼህ ከእሱ ላይ ውዱእ ያደርጋሉ፣ ቄሱም ጸበል የሚሆን ውሃ ያስቀዳሉ። ሁለቱም «ውሃውን አታደፍርሱ!» ብለው የሚቆጡን በአንድ ቃል ነበር።

ይህን እያወራሁ ደረስን። ወሬዬም እዚያው ላይ ተቆረጠ።

በጋ ስለሆነ ውሃው ቀጭን ነው። ዳርና ዳሩን ፌስታል ለብሷል። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ የተቀዳደደ ጫማ፣ የዶሮ ላባ ያልተጣለበት ቦታ የለም። አንድ ወጣት ባጃጁን ከነጎማው ውሃ ውስጥ አስገብቶ ያጥባል፤ የሞተሩ ዘይት ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሠርቷል። ራቅ ብሎ ሁለት ሰዎች አሸዋ እየዛቁ ይጭናሉ። የእህቴ ልጅ ምንም አላለችም። ግቢዎቹን ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ ግን ከየአጥሩ ሥር ብቅ ያሉትን ቱቦዎች መቁጠር ጀመረች። 14 ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «ይሄኛውስ ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከአጥሩ በላይ የእናቴ ጌሾ ይታያል። ቱቦው የእኛ ነበር።

ቤት ተመልሼ ታናሽ ወንድሜን ጠየቅሁት። «ሽንት ቤቱ ሲሞላ ምን ላድርግ? የሚመጥ መኪና በስንት መከራ ነው የሚገኘው። ደግሞ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። በዚያ አላበቃም። ወንዙ ስለሸሸ አጥሩን አራት ሜትር ያህል ወደ ታች ገፍቶ ሁለት የኪራይ ክፍል ሊሠራ አስቧል፤ ድንጋዩ ሁሉ ተራግፏል። «ደረቅ መሬት እኮ ነው» አለኝ።

ድሬዳዋም ደቻቱን ደረቅ መሬት ብላው ነበር። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ግን ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከላይ ተራራው ሲራቆት ውሃው የሚያዘገየው ነገር አያገኝም፤ ከታች ደግሞ ወንዙ በቤት ሲጠብ መሄጃ ያጣል። ወልድያም ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። «እዚህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም» አለኝ። ወንዝ የማያሻግር ምክንያት የሚባለው ይኸው ነው። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

እናቴ እስካሁን ዝም ብላ ቡናዋን ትቆላ ነበር። ረከቦቱን ጠጋ አድርጋ «የጦርነቱን ጊዜ ረሳኸው?» አለችው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ መብራት ጠፋ፣ ቧንቧውም ደረቀ። ሰው ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ወረደ። ያን ጊዜ ከቤታችን በታች ያለው ውሃ ለእግር መታጠቢያም የሚሆን አልነበረም። «ሁላችንም የለቀቅንበት ነዋ! አንድ ሰዓት ሙሉ አቀበት ወጥቼ፣ ቤት ከሌለበት ላይ ነበር የምቀዳው። በዚህ ጉልበቴ» አለች። ደጃፏ ውሃ እያለፈ ውሃ ፍለጋ ተራራ መውጣት! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጠናል። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አለ። አዲስ አበባ ደግሞ በ2011 ዓ.ም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የወንዝ ዳርቻ ልማት ይፋ አድርጋ እንደ ወዳጅነት ያሉ ፓርኮችን ሠርታለች፤ ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ ደንብም አውጥታለች። ደግ ነው። ነገር ግን ዳሩ ሣርና አበባ ለብሶ መሐሉ እንደ ጠቆረ ከቀረ ወንዝ ዳነ አይባልም። የእኛን የመሰሉ ከተሞች ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ እስኪመጣላቸው ከጠበቁ የሚያድኑት ወንዝ አይኖራቸውም። ሕጉም ቢሆን አጥራችንን ዞሮ ወደ ጓሯችን የሚወርደው እኛው ስናወርደው ነው።

አንዳንዴ ዓይን ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድ በዓለም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያን አረፋ ሲያይ የኖረ ስንት ሰው ነበር! እሳቸው ግን ቆም ብለው «ከዚህ በታች ምን ሆነ?» አሉ። እኔ የራሴን ቤት ቱቦ ያየሁት አንዲት ልጅ ስለቆጠረችው ነው።

በነጋታው የእህቴን ልጅ ወደ ላይ፣ እናቴ ትቀዳበት ወደነበረው ቦታ ወሰድኳት። ቤቶቹ አልቀው እርከኑ ሲጀምር ውሃው ጠራ። ጠጠሩ ይታያል። ሾላው ሥር ወፎች ይንጫጫሉ። ጫማዋን አውልቃ ገባችበትና «አጎቴ፣ ይኼ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ይኼ ነው» አልኳት። ውሸታም ከመባል ለጥቂት ተረፍኩ።

ከመመለሴ በፊት ለጉድጓድ ማስቆፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ከወንድሜ ጋር ተዋጣን። የአጥሩን ነገር ሲያቅማማ ቆይቶ ድንጋዩን ወደ ላይ መለሰው፤ እናቴን ፈርቶ ይሁን ጎርፉን አልነገረኝም። እናቴም ነገሩን እድር ላይ አነሳችው። ግማሹ «እውነት ነው» ሲል ግማሹ «የላይኛው ሰፈር እየለቀቀብን እኛ ብቻችንን ብንቆፍር ምን ዋጋ አለው?» አለ። እሷም ዝም አላለችም፤ በስልክ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው።

«ይኼ ውሃ እኮ እኛ ዘንድ አይቀርም። ወደ አፋር ቆላ ነው የሚወርደው፤ እዚያም ከብት የሚያጠጣ፣ የሚጠጣም ሰው አለ። ለእነሱ የላይኛው ሰፈር እኛ ነን፣ አልኳቸው።»

«ታዲያ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሦስት ቤት ጀምሯል» አለችኝ።