ታክሲ ነጂው ኪቦርዲስት

«ባከነ» የምትባል ቃል አለች። ፒያሳ ላይ እንደ ማኪያቶ በየካፌው ትታዘዛለች። እከሌ የት ደረሰ? ባከነ። እከሊትስ? ባከነች። የተማረውን ትቶ ሌላ ሥራ የያዘ፣ ዘፍኖ ካሴት ያላወጣ፣ አሜሪካ ሄዶ ቤት ያልሠራ ሁሉ ባካኝ ነው። እኔም አልቀረልኝም። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ወርቅ ቤት ደረሰኝ እቆርጣለሁ። (ወርቁን እንዳትጠይቁኝ፤ የሰው ነው።) የሰፈራችን እትዬዎች ባዩኝ ቁጥር «አይ ልጄ፣ ያ ሁሉ ትምህርት!» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጡልኛል።

በዚች ቃል ከተመቱት ሁሉ ግን የኔን እንኳ ትቼ የሚያንገበግበኝ የኃይሉ መርጊያ ነው። ስሙን ሳነሳ በዕድሜ ከፍ ያሉት «የዋልያሱ? አይ፣ ታክሲ ሲነዳ ባከነ» ይሉኛል፤ እኩዮቼ ደግሞ «ማነው እሱ?» ይሉኛል። የትኛው እንደሚያናድድ እናንተ ፍረዱ።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።) ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ። አኮርዲዮን ያስተማረው የለም፤ ራሱን በራሱ አስተማረ። ከዚያ ወደ ኦርጋን ዞረ፤ በ1970ዎቹም በሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ለዓመታት ተጫወተ። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ነው። አምሽቶ ክለብ ውስጥ የቀረ ሰው ሳይነጋ ቤቱ አይሄድም፤ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ለአንድ ኪቦርዲስት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

በ1977 ዋልያስ «ቸ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ተጫውቷል። ዘፋኝ የለበትም። ዘፋኝ በነገሠበት አገር፣ ሳንሱር ግጥም በሚያገላብጥበት ዘመን፣ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ ወጣ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለውን ሥራ ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማውን የሆነ ቦታ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በዓመቱ ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ።

በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሄዱ። ማሕሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሣም አብረዋቸው ነበሩ። እንግዲህ መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ማሕሙድ ተመለሰ፤ በ1980ዎቹ እዚሁ ፒያሳ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ እየሸጠም እየዘፈነም ኖረ። ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ።

በ1985 ኃይሉ ያለ ባንድ፣ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። አሮጌው አኮርዲዮን አለ፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ጃፓን ሠራሹ ያማሃ ዲኤክስ 7 አለ፣ ከበሮውን ደግሞ ማሽን ይመታል። ሰውየው አገሩንም ባንዱንም ትቶ የቀረውን ሁሉ በአንድ ካሴት ላይ የሰበሰበ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የተጫወተበት ባንድም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። እሱም ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመረ።

«ባከነ» የሚሉት ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን የምወደው ገና ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ኃይሉ በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር። መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ፣ ተራ እስኪደርሰው ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። ታዳሚ የለም። ጭብጨባ የለም። ይህን ለዓመታት አደረገው። ለማን ብሎ? እኔ እንደሚገባኝ ለማንም ብሎ አይደለም፤ እጁ እንዳይረሳ ብሎ ነው። ታክሲው እንጀራው ነበር፣ ኪቦርዱ ሙያው። እኛ ሁለቱን አንድ ካልሆኑ አንቀበልም።

በኋላ አንድ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያቺን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰማ፣ ደነገጠ፣ ስልኩን አፈላልጎ ደወለ። በ2013 ካሴቷ እንደገና ታተመች። ያን ጊዜ ኃይሉ ስልሳዎቹን አጋምሷል፤ ጣቶቹ ግን ሥራ ፈትተው አልጠበቁትም። ዓለምን መዞር ጀመረ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ፈረንጆቹ «ተመለሰ» ብለው ጻፉለት። እሱ መቼ ሄደና? የተመለሰው ጆሮው ነው።

እንዳታሳስቱኝ፤ «ታገሡ፣ ቀናችሁ ይመጣል» እያልኳችሁ አይደለም። አንድ ሙዚቀኛ ያን ያህል ዓመት መድረክ ማጣቱ ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ያቺ ካሴት ባትገኝ ኖሮም ኃይሉ መኪናው ውስጥ ሲለማመድ ይኖር ነበር፤ እኛም «ባከነ» እንዳልን እንቀር ነበር። ካሴቷ የነበረችው እዚሁ አገራችን፣ በእጃችን ላይ ነው። በዚህ ታሪክ የባከነ ነገር ካለ እሱ ነው፤ ሰሚ ሳይጠይቃት መደርደሪያ ላይ የኖረችበት ጊዜ።

ነገሩ አሁንም አላለቀም። ጥር 2015 ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አንጋፋዎቹ የሚጫወቱበት ጃዛምባ አብሮ ጠፋ። በ2024 ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከሰዉ ጋር የተበተነውን ካሴት፣ ሸክላና ወሬ ማን ቆጠረው? ማን ኦርጋን ይመታ ነበር፣ ማን ከበሮ፣ የትኛው ቤት ስንት ይከፍል ነበር? ይህን የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል፤ አሁን ደግሞ ሰፈራቸውም ተለያይቷል።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ወርቅ ቤቱ ሲዘጋ ስልኬን መቅረጫ አድርጌ እየዞርኩ ነው። ድሮ ካሴት ይሸጡ የነበሩ አባባዎችን፣ በክለቦቹ ያስተናግዱ የነበሩ እማማዎችን እጠይቃለሁ። የሚከፍለኝ የለም፤ የሚያትመውም ገና አልተገኘም። አንዳንዶቹ «ለየትኛው ጋዜጣ ነው ልጄ?» ይሉኛል። «ለጊዜው እጄ እንዳይረሳ ነው» እላቸዋለሁ። እናንተም ቤታችሁ የካሴት ካርቶን ካለ፣ ከመጣሉ በፊት የተጻፈበትን ስም አንብቡ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ አባት ወይም አያት ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉት።