ከተሞክሮዬ፦ ሰዓቱን ሳይሆን ቀጠናውን

ኢትዮጵያ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ አትገፋም። አሶሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ግን «ሰዓቱ በራሱ ዘለለ» ተብሎ የሚመጣ ማሽን አይጠፋም። ከሥራው የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የማየው የሰዓት ቀጠናውን ነው። ከውጭ የገባ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ቀጠና ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ቀጠናውን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ ያስተካክልና ለወራት በሰላም ይሠራበታል። አሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለምትዘል፣ የአሶሳው ማሽንም አብሮ ይዘላል። ሰኞ ጠዋት ደረሰኙም ሆነ የሠራተኛ መግቢያ መዝገቡ ይሳሳታል። ዊንዶውስ ላይ «ናይሮቢ»ን ምረጡ፤ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ አታገኟትም፣ የኬንያና የእኛ ሰዓት ግን አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ማመሳሰል ነው።

የሀበሻ ሰዓት የሚፈልጉ ደንበኞችም አሉ። ስድስት ሰዓት ወደኋላ በእጅ መመለስን አጥብቄ እቃወማለሁ። በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ከእውነተኛው ጊዜ ሲርቅ ኮዱ አይሠራም፤ የፋይሎችም ቀን ይምታታል። እኔ ቀጠናውን ቦነስ አይረስ አደርግላቸዋለሁ። አርጀንቲና ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስክሪኑም 1:00 ይላል፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ጊዜ ግን አይነካም። ቀኑም እንደ ልማዳችን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ብራዚሊያም ያው ናት፤ ግን ብራዚል እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሰዓት ትቀያይር ስለነበር ባልታደሰ ማሽን ላይ አላምናትም።

ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ዓመቱን የሚረሳ ከሆነ ቀጠናው ምንም አላጠፋም፤ የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይሩ።

ለእኛ ክልል ከባዱ የጎረቤት ነገር ነው። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም. ወደ እኛ ሰዓት መጥታ ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. አንድ ሰዓት ወደኋላ ተመለሰች። ደቡብ ሱዳንም ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለች። የዓለም ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የቀጠና መረጃ ለሱዳን የ2010 ለውጥ የታደሰው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው፣ ለደቡብ ሱዳኑ ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ እጅግ አጭር ነው። ሸርቆሌና ጾሬ ካሉት የስደተኛ ጣቢያዎች ወደ ካርቱም የሚደውል ሰው፣ ስልኩ አሮጌ ከሆነ ዛሬም ካርቱምንና አዲስ አበባን እኩል ያሳየዋል። ኩርሙክ አካባቢ ደግሞ ስልክ የማዶውን የሱዳን ኔትወርክ ከያዘ ሰዓቱ ወደኋላ ሊሄድ ስለሚችል፣ ቀጠናን በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጥፍታችሁ አዲስ አበባን በእጃችሁ ሙሉ።

አፕዴት በማይቀበል ስልክ የካርቱምን ሰዓት ማወቅ ከፈለጋችሁ ሃራሬን ምረጡ። ካይሮን ግን ተዉት፤ ግብፅ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓት መቀየሯን መልሳ ይዛለች።