ከፎቶግራፉ ጀርባ
የክብረ መንግሥት ጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አለታ ወንዶን ካለፈ በኋላ ወደ ሀገረ ሰላምና ወደ ቦሬ ደጋ ይወጣል። በዚያ ጉም የሚጋርደው ቀርከሃና በየደጁ የተተከለው እንሰት ዓይንን ያሳርፋል፤ ብርዱም ጋቢ ያስደርባል። ከቦሬ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል እየወረደ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄድና ክብረ መንግሥት ይደረሳል። መንገዱ በዚህ አያበቃም፤ በዋደራ በኩል አልፎ ወደ ነገሌ ቦረና ቆላ ይዘልቃል።

ከተማይቱ ሁለት ስም አላት። የአገሩ ሕዝብ የጉጂ ኦሮሞ አዶላ ይላታል፤ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን የለመዷት ሰዎች ደግሞ እስከ ዛሬ ክብረ መንግሥት ይሏታል። በሁለቱም ስም ዝናዋ ወርቋ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በአካባቢዋ ወንዞች ዳር መንግሥት ወርቅ ያሳጥብ ስለ ነበር፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ሰው ለሥራ ወደዚያ ወርዷል። ከነዚያ አንዱ አባቴ ነበር።

በቤታችን ሣጥን ውስጥ ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ሰባት ሰዎች ገበቴያቸውን ይዘው ከውሃ ዳር ቆመዋል፤ ሦስተኛው አባቴ ነው። የቀሩትን ስድስቱን ከቤተ ሰባችን የሚያውቃቸው የለም፤ ከጀርባውም አንዲት ቃል አልተጻፈችበትም። አባቴ በሕይወት ሳለ መጠየቅ እንችል ነበር፤ ዛሬ ነገ ስንል ግን ዐረፈ። እንግዲህ ይህን ፎቶግራፍና ካሜራዬን ይዤ የሄድሁት፣ ልጆቼ አያታቸው የኖረበትን አገር በሥዕል እንዲያዩት ብዬ ነው።

በአክሱም ወይም በላሊበላ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ምን እንደሚያነሣ አይቸገርም። በክብረ መንግሥት ግን ቅርሱ በአፈር ውስጥ፣ በዛፍ ሥርና በሰው አንደበት ስለ ሆነ፣ ካሜራ ከመምዘዝ አስቀድሞ መጠየቅና መስማት ያስፈልጋል። ከሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የለገ ደንቢ ማዕድን በ1980ዎቹ ዓመታት በትልልቅ መሣሪያ መቈፈር ጀምሮ ተራራውን ለውጦታል፤ በ2010 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ በሰውና በከብት ጤና ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው በመቃወማቸው ፈቃዱ ለጊዜው ታግዶ እንደ ነበረም ይታወሳል። በየወንዙ ዳር ግን ዛሬም በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው አለ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ስታጥብ አይቼ ካሜራዬን ባነሣ፣ ቀና ብላ፣ «እኔን አያንሡኝ፤ ከፈለጉ ገበቴዬን ያንሡት» አለችኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ገበቴዋን ብቻ አነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ከአንድ የጉጂ ሽማግሌ ተማርሁ። አስቀድመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ቤተ ሰቤ ሰላም ጠየቁኝ፤ እኔም በተራዬ ጠየቅሁ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ስለሚተላለፍበት ስለ ገዳ ሥርዓትና ጉጂዎች ለዚሁ በዓል ስለሚሰበሰቡበት ስለ መኤ ቦኮ ብዙ አጫወቱኝ። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «እኛ ከልጅነታችን መዝግበነዋል» አሉኝ። ከጨዋታው በኋላ ፎቶግራፍ ለመነሣት ራሳቸው ፈቀዱልኝ፤ ስማቸውንም እየነገሩኝ አጻፉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጸድ አንድ አረጋዊ ካህን አገኘሁ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ስጠይቃቸው፣ «ከውጭ ያለውን አንሣ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ግን ተወው» አሉኝ። የአባቴን ፎቶግራፍ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱና ጣታቸውን በአምስተኛው ሰው ላይ አሳረፉ። «ይህን አውቀዋለሁ፤ ዘመድ አልነበረውም። ፍትሐቱን ያደረስሁለት እኔ ነኝ» ብለው የክርስትና ስሙን ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «የሌሎቹስ ስማቸው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፤ እኛ ግን በጸሎት የምናስበው በስም ጠርተን ነው» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት እርሳስ ተውሼ ያንን ስም ከፎቶግራፉ ጀርባ ጻፍሁት። አምስቱ ግን ዛሬም ስም የላቸውም።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች አሳጥቤ፣ ለሽማግሌውም ለገበቴዋ ባለቤትም ድርሻ ድርሻቸውን በመንገደኛ እጅ ላክሁ። በየአንዳንዱም ጀርባ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፍሁበት።

ውድ አንባብያን፣ በእናንተም ቤት በሣጥን ወይም በስልክ ውስጥ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ሥዕል ይኖር ይሆናል። በመጪው ሰንበት ከቡናው በፊት አውጥታችሁ በዕድሜ ለገፉት አሳዩአቸው፤ «ይህ ማነው? የክርስትና ስሙስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁንም ሳይውል ሳያድር ከጀርባው ጻፉት።