በረዶ አትገልብጥ

ሀገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ ጅቡቲ ሐሩሩ ይገባል። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አቅም ያለው ቤተሰቡን ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እኛም በየዓመቱ እንደዚያ እናደርግ ነበር፤ የዓሣው ገንዳ ቤታችን እስኪገባ ድረስ።

ገንዳውን የሰጠን ወደ አገሩ የተመለሰ ጎረቤታችን ነው። 100 ሊትር የባሕር ውሃ ይይዛል፤ ውስጡ አምስት ዓሦች ነበሩ። እኛ ነጋዴዎች ነን፣ ለዕቃችን እንጂ ለዓሣ ጊዜ የለንም ብንልም ልጆቹ አልሰሙንም።

በመጀመሪያው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 33 አሳየ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ደንግጠን ፍሪዘር ውስጥ ያለውን በረዶ ሁሉ ገለበጥንበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ወደ 26 ወረደ። ተመስገን ብለን ተኛን። ጠዋት ሁለቱ ሞተው አገኘናቸው። ታናሹ ልጃችን «እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈን። ምን ብለን እንመልስለት? ከሙቀቱ ይልቅ የከፋባቸው ድንገተኛው ለውጥ ነበር። በዚያ ላይ በረዶው የቧንቧ ውሃ ስለነበር ክሎሪኑም ከነነፍሱ ገብቶባቸዋል፣ ጨዉንም አቅጥኖታል።

ቀስ በቀስ የገባን ነገር ቢኖር፣ ዓሣን ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የአየር እጥረትም እንደሚገድለው ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፤ ዓሣው ግን በሙቀት ጊዜ የበለጠ አየር ይፈልጋል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤም በሐሩሩ ወቅት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ዓሦቹ ግን ይኖሩበታል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጥ፣ ማዕበሉም አየር ያስገባል። የመስታወት ሣጥን ሁለቱም የሉትም።

መፍትሔው መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየው ነበር። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመኪናው ጎን ያንጠለጥላሉ፤ ነፋሱ እርጥበቱን ሲወስድ ውሃው ይቀዘቅዛል። እኛም የገንዳውን ክዳን አነሳን፣ ዓሦቹ እንዳይዘሉ መረብ ዘረጋንበት፣ ቬንትሌተሩን በውሃው ገጽ ላይ አነጣጠርን። በማግስቱ 33 የነበረው 29 ሆነ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ሰባት ኪሎ የሚሆን በረዶ ቀልጦ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል።

እዚህም ላይ ተሳስተናል። የተነነውን በባሕር ውሃ እየሞላን ጨዉን አበዛነው። ወጥ ሲንተከተክ ውሃው ሄዶ ጨው እንደሚቀር ማንም ባለቤት ያውቃል፤ እኛ ግን ገንዳው ላይ ረሳነው። የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው፣ ክሎሪኑ በወጣ ውሃ ነው፤ የጨው መለኪያም ከቤት አይጠፋም።

ካምሲን የሚነፍስበት ቀን ለሰው መከራ ነው፤ ለገንዳው ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቬንትሌተሩ በደንብ ይሠራል። የሚያስቸግረው አየሩ ወብቆ ልብስ ገላ ላይ የሚጣበቅበት የግንቦትና የመስከረም ሙቀት ነው። ያኔ ውሃው ስለማይተን ክዳኑን የዘጋንበት አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ በረዶ እናንሳፍፋለን፤ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ እያየን እናወጣዋለን። የገንዳውን መብራት ቀን አናበራም፣ ምግብም እንቀንሳለን፤ የተረፈው ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሳልና።

ባለፈው ሐምሌ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩም ፓምፑም ቆመ። ያለን አማራጭ ጣሳ ብቻ ነበር፤ ከገንዳው እየቀዳን፣ ከፍ አድርገን እያንቆረቆርን መልሰን ማፍሰስ፣ አየር እንዲገባ። በየሩብ ሰዓቱ ተራ ገባን። ታናሹ ተኛ ብንለው እምቢ አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ሲመጣ ሦስቱም ዓሦች ይዋኙ ነበር፤ እሱ ግን ጣሳውን እንደያዘ ወንበር ላይ ተኝቶ ነበር። በማግስቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዛን።

ዘንድሮ ልጆቹ ወደ ሐረር ወጡ። ታናሹ ከመሄዱ በፊት ለሱቃችን ልጅ ወረቀት ጽፎ ገንዳው ላይ ለጠፈ፤ ቬንትሌተሩ እንዳይቆም፣ የተነነው ጨው በሌለው ውሃ ይሞላ፣ መብራት ከጠፋ ትንሹን ፓምፕ አብራ። ከሥር በትልልቅ ፊደል «በረዶ አትገልብጥ» ይላል። እኛን የሚነካ መሆኑን እያወቅን አላነሳነውም።